ክረምቱን በረንዳዬ ላይ ለልጆች እንጨት ሥራ ላስተምር ነው፤ ከየት ልጀምር?

የመንደራ አባት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ፣ መንደራ ነው። ትምህርት ሊዘጋ ነው። የከተማችንን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ከያዘ ልጅ ከቤት አይወጣም። ቤት ከዋለ ደግሞ ስልክ ላይ አፍጥጦ ነው የሚውለው። የአሥር ዓመት ሴት ልጅና የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ከጎረቤት ልጆች ጋር ስድስት ሰባት ይሆናሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሰብስቤ እንጨት ሥራ ላስተምራቸው አስቤያለሁ።

አናጺ አይደለሁም። አባቴ ግን አናጺ ነበር፤ ከአጠገቡ ሳልርቅ ነው ያደግኩት። መቁረጥ፣ መላግ፣ ማጋጠም እችላለሁ። የማላውቀው ማስተማሩን ነው። ያሉኝ ዕቃዎች ሁለት የእጅ መጋዝ፣ ሁለት መዶሻ፣ አንድ ሞርሳ (እንጨት ጨብጦ የሚይዝ)፣ ሜትር፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) እና የአባቴ መላጊያ ናቸው። ትራፓኖ (የኤሌክትሪክ መብሻ) እና ግራይንደርም (በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መቁረጫ) አለ።

በመጀመሪያው ቀን ምን ይሥሩ? ምን ዓይነት እንጨት ልግዛ? የሰባት ዓመት ልጅ መጋዝ መያዝ ይችላል? ባለቤቴ «የሰው ልጅ ጣት ተቆርጦ ምን ልትል ነው?» ትለኛለች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው፤ በቂ መልስ ይዤላት መሄድ እፈልጋለሁ።

የሕርማታ አናጺ

ተባረክ ወንድሜ። ዕድሜዬ ያለቀው በዚሁ ሥራ ነው፤ ብዙ ልጅም ከአጠገቤ ሆኖ ሙያ ለምዷል። የማውቀውን ልንገርህ።

ከሁሉ በፊት ግራይንደሩን ከበረንዳው አንሣና ቆልፍበት። እኛ ዘንድ ግራይንደር ላይ የእንጨት መቁረጫ ገጥሞ ጣውላ መቁረጥ ተለምዷል። ይኼ ለአዋቂም አደገኛ ነው። ጥርሱ እንጨቱ ውስጥ ከተያዘ መሣሪያው ተወርውሮ ወደ ያዘው ሰው ይመለሳል። ልጆች ባሉበት ቀን ዓይናቸው እንኳ ሊያርፍበት አይገባም። ትራፓኖው ይቆይ፤ የምትይዘው ግን አንተ ብቻ ነህ። የሚስማር መንገድ አስቀድመህ ትበሳላቸዋለህ።

ቀጥሎ ሞርሳው ነው። የልጅን ጣት የሚያስቆርጠው የመጋዙ ስለት አይደለም። ልጁ በአንድ እጁ እንጨቱን፣ በሌላው መጋዙን ይይዛል፤ እንጨቱ ሲንሸራተት መጋዙ እጁ ላይ ያርፋል። እንጨቱ በሞርሳ ከታሰረ ግን ግራ እጁ እዚያ አካባቢ ሥራ የለውም። ትንንሾቹ መጋዙን በሁለት እጃቸው ይያዙት። ሁለቱም እጆች እጀታው ላይ ካሉ መጋዙ የሚያገኘው ጣት የለም። ለባለቤትህ ይህንን ንገራት፤ አንተም ደንብ አድርገው። እንጨቱ ካልታሰረ መጋዝ አይነሣም። አንድ ሞርሳ ብቻ ካለህ በአንድ ጊዜ የሚቆርጠው አንድ ልጅ ነው፤ አንተም ከአጠገቡ አትነቃነቅም።

«ለልጅ የደነዘዘ መጋዝ ይሻላል» የሚሉህ ይኖራሉ። አትስማቸው። የደነዘዘ መጋዝ ጉልበት ይጠይቃል። ልጁ ሲታገለው መጋዙ ይዘላል። አጠር ያለ፣ ጥርሱ ደቃቅና በደንብ የተሞረደ መጋዝ ስጣቸው። ሲጀምር ወደ ራሱ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳበው። መንገድ ሲይዝለት ወደፊት መግፋት ይችላል። አይጫነው፤ ረጅም አድርጎ ይሂድበት።

ጠረጴዛው ለነሱ ቁመት ይሁን። ልጁ ቆሞ እጁን ወደ ታች ሲለቅ የጠረጴዛው አናት አንጓው ጋ መድረስ አለበት። ከዚያ ከበለጠ ትከሻው ይነሣል፤ መጋዙም ይጠምበታል። ወፍራም አግዳሚ ወንበር ካለህ ለሰባት ዓመት ልጅ ከጠረጴዛ ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀን መጋዝ አታስይዛቸው። ለእያንዳንዱ መዳፍ የሚሞላ ቁራጭ እንጨት ስጥ። ብርጭቆ ወረቀት 80 ቁጥር፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ 220 ይሁን። ከእንጨቱ ቃጫ ጋር ሲሄዱና ቃጫውን ሲያቋርጡ ምን እንደሚሆን ራሳቸው ይዩት። ቃጫውን ያቋረጠ ጭረት ይተዋል፤ ያንን ጭረት ለማጥፋት ደግሞ ብዙ ይለፋል። እንዲህ ያየ ልጅ አይረሳውም። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዳስሱት። ልጆች በጣም ይወዱታል።

ከዚያ መዶሻ ነው። ለስላሳ እንጨት ጉማጅ መሬት ላይ አቁምላቸውና ሚስማር ይምቱ። ምንም ዕቃ አይሠሩም፤ ብቻ ይምቱ። ሚስማሩን በጣታቸው ሳይሆን በልብስ መቆንጠጫ ወይም በፒንሳ ይያዙት። መዶሻው ቀላል ይሁን፤ ከ200 እስከ 250 ግራም ይበቃል። ትልቅ መዶሻ የያዘ ልጅ አንገቱ ሥር ጨብጦ ነው የሚመታው፤ ያንን ልማድ በኋላ ለማስተው ትቸገራለህ።

ቦሳ ቂጦ ነርስ

ጋሼ ሁሉን ተናግረውታል። እኔ ነርስም እናትም ስለሆንኩ ትንሽ ልጨምር።

ነጠላ ጫማ የለም፤ የተዘጋ ጫማ ይሁን። ፀጉር ይታሰር። ሻርፕም ሂጃብም ጫፉ ወደ ኋላ ይግባ። ሰፊ እጅጌ ይጠቅለል። ሚስማር በሚመታበት ጊዜ የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ የሚመታው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውም።

ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጎዝና ወረንጦ በቅርብ ይኑርህ። ከቆረጣቸው እጠበውና በንጹሕ ጎዝ ተጭነህ ያዘው። ደሙ ቆመ አልቆመ እያልክ ቶሎ ቶሎ አትግለጠው፤ አሥር ደቂቃ ሳትለቅ ያዝ። በዚያ ካልቆመ ወይም ቁስሉ አፉን ከከፈተ ጤና ጣቢያ ውሰደው። ስንጥር የምታወጣው በገባበት አቅጣጫ ነው። ሚስማር ጠልቆ ከወጋው ደግሞ ላዩ ትንሽ መስሎ አያታልህ። የቲታነስ ክትባቱን የወሰደ መሆኑ መጣራት አለበት። እኛ አገር ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው በሚወስዱት የአምስት በአንድ ክትባት ውስጥ የቲታነሱ አለ። ግን ሁሉም ልጅ ጨርሷል ማለት አይደለም። ወላጆቹን ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጠይቃቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ብናኝ። የእንጨት ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። በረንዳው ክፍት መሆኑ ጥሩ ነው። ሰጋቱራውን ከመጥረግህ በፊት ውሃ እርጭበት። አስም ያለበት ልጅ ካለ እናቱን ሳታማክር አታስጀምረው።

ፈረንጅ አራዳ

ለምን ትደክማለህ? አንዱ እንጨት ቤት ውስጥ ብትወስዳቸው አይሻልም? ባለሙያም አለ፣ ማሽንም አለ።

የሕርማታ አናጺ

የኔ ወንድም፣ እንጨት ቤት የልጅ ቦታ አይደለም። ክብ መጋዙ እየዞረ፣ ብናኙ አየሩን ሞልቶ፣ ጩኸቱ ሰው እንዳይሰማማ አድርጎ፣ ሠራተኛውም ሥራ ለማድረስ እየተጣደፈ ነው። ማን ያያቸዋል? ልጅ ማሽን አጠገብ ቆሞ የሚማረው መመልከትን ብቻ ነው። በረንዳ ላይ ግን ጣውላውን ራሱ ይቆርጣል። ሁለት ሰዓት ፈጅቶበት አንድ ቁራጭ ቢቆርጥ ያ የሱ ነው። መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም።

ሊያዩ ከሆነ ግን ሐሙስ ገበያ ውሰዳቸው። በርጩማውን ያገላብጡት። መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ ኮላ የለው፣ ሚስማር የለው። ሠሪውን ካገኛችሁት ደግሞ ይጠይቁት። ጅማ የተወለደ ልጅ ይህን ሳያይ ማደግ የለበትም።

የማና ልጅ

ስለ እንጨቱ ማንም አልመለሰለትም። እኔ ልሞክር።

ባሕር ዛፍ በየቦታው ስላለ እሱን ትገዛ ይሆናል። ለልጅ ግን አይሆንም። ይጠነክራል። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ሚስማርም ያጎብጣል። የሚሻለው የፈረንጅ ጥድ ነው። ለስላሳ ነው፣ መጋዝ በቀላሉ ይሄድበታል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ጉጡ የበዛበትን ግን ተወው፤ መጋዝ ጉጥ ጋ ሲደርስ ልጁ ተስፋ ይቆርጣል። ግራቪሊያም ጥሩ ነው። እኛ ጋ ለቡና ጥላ ስለሚተከል ሲቆረጥ ይገኛል።

ዋንዛ ከሁሉም ይበልጣል። መልኩ ያምራል፣ ለመላጊያም ለመሮም ይታዘዛል። ግን አዲስ ጣውላ ለመለማመጃ አትግዛ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ የሐበሻ ጥድንና ኮሶን ከመቆረጥ እንዲጠበቁ ያደረገው እየተመናመኑ ስለነበር ነው። የበርና የቁም ሳጥን ትራፊ ከአናጺዎች ለምነህ ማግኘት ትችላለህ። ለልጆቹም ይህን ንገራቸው። እንጨት የሚሠራ ሰው ዛፉን በስሙ ማወቅ አለበት።

ከእነዚህ ደግሞ ራቅ። ቺፑድና ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ፍርፋሪና ብናኝ የተጨመቁ ጣውላዎች) በፎርማልዴሃይድ ሙጫ የተጣበቁ ናቸው፤ ብናኛቸው ለልጅ አይሆንም። ቀለም የተቀባ አሮጌ በርና መስኮትም አታስፈግፍግ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። ከውጭ ዕቃ የመጣበት ፓሌት ከሆነ ማኅተሙን እይ። «ኤች ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ካለበት በሙቀት የታከመ ነው፤ መጠቀም ትችላለህ። «ኤም ቢ» ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዝ የታጠነ ነው፤ አታስገባው። ምንም ምልክት ከሌለውም ተወው።

ሒሳብ መምህር

ይህ ውይይት ደስ አሰኘኝ። ክፍል ውስጥ ስንት ቀን የምለፋበት ነገር እንጨት ላይ በአንድ ጠዋት ይገባል።

የእርሳስ ሣጥን አሠራቸው። አዲስ እርሳስ ርዝመቱ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሣጥኑ ውስጥ 20 ይሁን። ጣውላው 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው እንበል። ከዚያ ጠይቃቸው፤ የረጅሙ ጎን ርዝመት ስንት ይሁን? አብዛኞቹ 20 ይላሉ። ዝም በላቸው። ቆርጠው ሲገጥሙት አጫጭሮቹ ጎኖች በመካከል ሲገቡ ከግራ 2፣ ከቀኝ 2 ይበላሉ፤ ውስጡ 16 ይሆናል። እርሳሱ አልገባም! 24 መሆን እንደነበረበት ያን ጊዜ ራሳቸው ያገኙታል። ወርዱም እንዲሁ ነው። ውጪው 12 እንዲሆን ከፈለጉ በመካከል የሚገባው ቁራጭ 8 ነው። ለመለማመጃ ትራፊ ጣውላ ተጠቀም፤ መሳሳቱ ዋጋ እንዳያስከፍልህ።

ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን በስኳድራ ብቻ አታሳያቸው። ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ በሜትር ይለኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሣጥኑ አልተጣመመም። ለትልልቆቹ ደግሞ ከጠረጴዛው ማዕዘን በአንዱ በኩል 30፣ በሌላው 40 ሳንቲ ሜትር ይለኩና ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው 50 ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። የፓይታጎረስን ደንብ ክፍል ውስጥ ሲያገኙት የድሮ ወዳጃቸው ይሆናል።

ጋሼ በርጩማ ስላነሡ፤ ሦስት እግር ያለው ወንበር ወጣ ገባ መሬት ላይ ለምን እንደማይወዛወዝ ጠይቃቸው። ሦስት ነጥብ ሁሌም አንድ ገጽ ላይ ያርፋል። አራተኛው እግር ነው የሚያስቸግረው። መልሱን ቶሎ አትንገራቸው።

የጊንጆ እናት

አንድ የማሳስበው አለኝ። ሴቶቹን ልጆች ብርጭቆ ወረቀትና ቀለም ላይ አታስቀራቸው። ሰው አውቆ አያደርገውም፤ ግን ወንዱ መዶሻውን ይቀድማል፣ ሴቷ «አንቺ አስውቢው» ትባላለች። ክረምቱ ሳይታወቅ በዚያ ያልቃል። ተራ አውጣ። መጋዝ በተራ፣ መዶሻ በተራ፣ መጥረግም በተራ። ወንዶቹም ሰጋቱራ ይጥረጉ።

ልጄ ባለፈው ክረምት አጎቷ ጋ እየሄደች ረከቦት ሠርታልኛለች። ዛሬም ቡና የማፈላው በዚያ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ማን ሠራው?» ሲል የሷን ፊት ብታዩት!

የመንደራ አባት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ስለ ሁለት እጅ ያሉት ነው ያሳመናት። አሁን በአንድ ቀን ከአራት ልጅ በላይ እንዳልቀበል ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ስለዚህ በሁለት ቡድን ከፈልኳቸው፤ ግማሹ ቅዳሜ፣ ግማሹ እሑድ ከሰዓት።

ጀምረናል። የመጀመሪያው ቀን በብርጭቆ ወረቀትና በሚስማር አለፈ። የጉማጁ ነገር ጉድ ነው። ወንዱ ልጄ ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላም አልተነሣም፤ ጉማጁን በሚስማር ሸፈነው። ቀጥሎ የቁልፍ መስቀያ ሠሩ። 30 በ8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ነው። ርዝመቱን አንድ ጊዜ መቁረጥ፣ ማለስለስ፣ በእኩል ርቀት አምስት ሚስማር። ያቺ «እኩል ርቀት» ራሷን የቻለች ትምህርት ሆነች።

አሁን የእርሳስ ሣጥኑ ላይ ነን፤ ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። ጣውላው ጫፉ ላይ ሚስማር ሲገባ ይሰነጠቃል። ኮላውም በዚህ ዝናብ አልደርቅ አለኝ። ሌላ ደግሞ፣ ሲጨርሱ ምን ልቀባላቸው? ቫርኒሽ ሽታው ይከብዳል።

የሕርማታ አናጺ

ስንጥቁ ቀላል ነው። ከሚስማሩ ቀጠን ባለ መብሻ አስቀድመህ ብሳ። ሚስማሩን ገልብጠህ ሹል ጫፉን በመዶሻ ትንሽ ደንዘዝ አድርገው። ሹል ጫፍ ቃጫውን እንደ ሽብልቅ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ የደነዘዘው ግን ቆርጦት ይገባል። ከጫፉ ገባ በል። ሁለት ሚስማር በአንድ ቃጫ መስመር ላይ አታሰልፍ፤ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርግ። ርዝመቱ ደግሞ ከሚይዘው ጣውላ ውፍረት ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ ይሁን። ለ2 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

ኮላው ነጩ የእንጨት ኮላ ከሆነ ውሃው ሲወጣለት ነው የሚይዘው። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ይዘገያል። ደግሞ ጣውላህ ራሱ እርጥብ ሳይሆን አይቀርም። ከአንድ ሳምንት በፊት ገዝተህ ቤት ውስጥ፣ ከወለል ከፍ አድርገህ፣ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባህ ደርድረው። ኮላውን ስስ አድርገው ይቀቡ። ሞርሳ ካልበቃህ የመኪና ከመነዳሪ ቆርጠህ ጥፍር አድርገህ እሰረው፤ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። እስከ ማግስቱ አይፈታ። ቅዳሜ አጣብቀው በሳምንቱ ቢመለሱበት ምንም አይጎድልም፤ መጠበቅም ከሙያው ነው።

የሣጥኑ ክዳንና ወለል ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በወርዱ ይሰፋል፣ በርዝመቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። አሁን በክረምት ጥፍር አድርገህ የገጠምከው በጥር ይላላል። በጥር የገጠምከው ክዳን በክረምት አልከፈት ይልሃል።

የማና ልጅ

ለቅቡ ንጹሕ ሰም ተጠቀም። እኛ አካባቢ ማር በሽ ነው፤ ሰሙ አይጠፋም። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አታቅልጠው። ውሃ የያዘ ድስት ውስጥ ጣሳ አስቀምጠህ፣ በትንሽ የምግብ ዘይት አቅልጠው። ይህን አንተ አድርገው እንጂ ልጆቹ አይጠጉ። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይሆናል። በጨርቅ ይሹት፣ ይቆይ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት። እጃቸውን ቢነካም ችግር የለውም።

የተልባ ዘይት የሚሉህም አሉ። ያምራል፤ ግን የነከርክበትን ጨርቅ አጨማድደህ ጥግ አትጣል። እየደረቀ ራሱን አሙቆ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው።

ቆጪ ሰፈር

ሰላም። ውይይቱን ስከታተል ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ብትቀበልልኝ ደስ ይለኛል። ግን ግራኝ ናት። መቀስ እንኳ ያስቸግራታል። መጋዝ ላይ ትቸገር ይሆን?

የመንደራ አባት

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። የእሑዱ ቡድን ውስጥ አንድ ቦታ አለ። ስለ ግራኝነቷ ግን ጋሼ ቢነግሩን ይሻላል።

የሕርማታ አናጺ

መጋዝ እንደ መቀስ አይደለም፤ ግራም ቀኝም አይለይም። በቀኝ እጅሽ አድርጊ ብላችሁ ግን እንዳታስገድዷት። በማትተማመንበት እጅ መጋዝ የያዘ ልጅ ነው አደጋ የሚደርስበት።

የሚለወጠው የእንጨቱ አቀማመጥ ነው። ለቀኝ እጅ ሠራተኛ የሚቆረጠው ጫፍ ከሞርሳው በቀኝ በኩል ይወጣል። ለሷ በግራ በኩል አውጣላት። እሷም ከመጋዟ ጀርባ ቀጥ ብላ ትቁም፤ ትከሻዋ፣ ክንዷና መጋዙ አንድ መስመር ይያዙ። ስትመታም መዶሻው በግራዋ፣ መቆንጠጫው በቀኟ ይሁን። አንተ ደግሞ ስታሳያት አጠገቧ አትቁም። ፊት ለፊቷ ሁንና በቀኝህ ሥራ፤ እንደ መስተዋት ትከተልሃለች።

የመንደራ አባት

እሺ ጋሼ። ሞርሳው የጠረጴዛው ቀኝ ጥግ ላይ ነው የታሰረው፤ ለሷ የሚመች ቦታ የለም። እስከ እሑድ ፈትቼ ወደ መካከል አመጣዋለሁ። እህቴ፣ ስምንት ሰዓት ላይ አምጫት። የተዘጋ ጫማ ታድርግ፤ ክትባቷንም ጠይቄሽ ነው የማስጀምራት።